ፊቷን ወደ ቤት አዙራ የምትጮኸው ውሻ

ሥራ ያቆምኩ ሰሞን ሻይ ቤት የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «ተክሌ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠራ ኖርክ?» ይለኝ ነበር። «ውሻ ዝም ሳሰኝ» ስለው ይስቃል። ቀልድ ይመስለዋል። ልጆቼ እንኳ ትምህርት ቤት የአባታችሁ ሥራ ምንድን ነው ሲባሉ «መጋዘን ጠባቂ» እያሉ ነው ያደጉት፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ከሥራዬ በተሰናበትኩ ዕለት፣ ያየሁትን ሳልናገር ብሞት የሰው አደራ ይዤ እንደሄድኩ ይቆጠርብኛል ብዬ አሰብኩ። ያየሁት ነገር ትልቅ ነው። ዛሬም ሳስታውሰው ሰውነቴን ይወረኛል።

ድሬዳዋን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስቀድም። በእኛ ከተማ ከቀትር በኋላ ጌታዋ ፀሐይ ናት። ሱቅ ይዘጋል፣ ቢሮ ይዘጋል፣ ሰው ምሳውን በልቶ መስኮቱን ጋርዶ ይተኛል። ከተማዋ እንደገና የምትነቃው ወደ አመሻሹ ነፋስ ሲመጣ ነው። በዚያ የእንቅልፍ ሰዓት የሰው በር ማንኳኳት ነውር ነው። በዚያ ሰዓት የሚጮህ ውሻም ጠላት ያፈራል። በድንጋይ የሚወግሩት ነበሩ፣ የፈላ ውሃ የሚደፉበት ነበሩ፣ መርዝ በሥጋ ጠቅልለው የሚወረውሩለትም ነበሩ። እኔና አለቃዬ አው ሮብሌ በተኛው ሰውና በሚጮኸው ውሻ መሀል ገብተን ነው ዕድሜያችንን የጨረስነው።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ተሸካሚ ነበርኩ። ትከሻዬን ክፉኛ ስታመም አንድ ጓደኛዬ «ሙሴ ያኒ ውሻ የማይፈራ ሰው ይፈልጋል» አለኝ። ሙሴ ያኒ ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ የቆዳና የቡና መጋዘን የነበረው ግሪካዊ ነጋዴ ነው። ውሻ እፈራ ነበር። ሥራ መፍታትን ግን የባሰ እፈራ ስለነበር ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ በየጥጉ ውሻ ታስሯል። ሁሉም ይጮኻሉ። ሰው ሲገባ ይጮኻሉ፣ ሰው ሲወጣ ይጮኻሉ፣ ማንም ሳይኖርም ይጮኻሉ። ሙሴ ያኒ ጆሮውን በእጁ ይዞ «ሌባ ቢመጣ በምን አውቃለሁ? ሁልጊዜ የሚጮህ ውሻ ጭራሽ ከማይጮኸው በምን ይሻላል?» አለኝ። ከዚያ በጣቱ ወደ ግቢው ዳርቻ አሳየኝ። ሽርጥ የታጠቀ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ለውሾቹ ጀርባውን ሰጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑን ጨፍኗል። የተኛ መስሎኝ ነበር። አው ሮብሌ ያ ሰው ነው።

«ቁጭ በል» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ተቀመጥኩ።

«ስንት ዓይነት ጩኸት ይሰማሃል?»

«ያው የውሻ ጩኸት ነው፤ አንድ ነው» አልኩት።

«አቦ! ጆሮህ ገና አልበቀለም ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። «ያ አጭር አጭር የሚጮኸው ቀዩ ነው፤ በበሩ የሚያልፈውን ሰው እየቆጠረ ነው። ያቺ ረጅም አድርጋ የምታላዝነው ብቸኝነት ነው ያስጨነቃት። ከጀርባ ያለው ደግሞ ጠምቶታል። ሂድና ጣሳውን እይ።»

ሄጄ አየሁ። ጣሳው ተገልብጦ ውሃው አፈሩ ላይ ደርቋል። ውሻውን መፍራቴን ረስቼ ውሃ ቀድቼ ሰጠሁት። ጠጥቶ ሲጨርስ ተኛ። ከዚያ ቅጽበት በኋላ የውሻ ጩኸት ለእኔ ዳግመኛ አንድ ሆኖ አያውቅም።

አው ሮብሌ ሶማሌ ነው፤ የጀልዴሳ አካባቢ ተወላጅ። «አው» በእኛ አገር ለታላቅ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። በወጣትነቱ ከግመል ቅፍለት ጋር ብዙ ተጉዟል። አማርኛውን ከኦሮምኛና ከሶማሊኛ ጋር እያዋሃደ ይናገራል፣ እንደ ድሬ ሰውም ለሙሴ ያኒ፣ ለእኔም፣ ለውሻም «አንተ» ነው የሚለው። በእኛ ከተማ «አንተ» ንቀት አይደለም፤ እኔም በዕድሜ አባቴ የሚሆነውን ሰው እስከ መጨረሻው «አንተ» እያልኩት ኖሬያለሁ።

ሃይማኖቱን አጥባቂ ነበር። የውሻ ምራቅ የነካውን ነገር ሰባት ጊዜ ያጥባል፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር። የሶላት ልብሱን ጎረቤት ሱቅ ያስቀምጣል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ ይሰግድና ተመልሶ የሥራ ሽርጡን ይታጠቃል። ሙሴ ያኒ ከደመወዙ ሌላ ሳሙና ይቆርጥለት ነበር። አንዳንድ ሰው «አው፣ ከውሻ ጋር እየዋልክ እንዴት ትሰግዳለህ?» እያለ ሊያሳፍረው ይሞክራል። እሱ ግን አይቆጣም። «ውሃ ለምን ተፈጠረ? ውሻንም ውሃንም የፈጠረው አንድ ነው» ይላል።

ትምህርቱ እንዲህ ነበር። «ውሻ የሚጮኸው ሥራ ስላጣ ነው፤ አለዚያም ሥራ ስለበዛበት ነው» ይል ነበር። በሩ ፊት ለፊት ታስሮ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ የሚጠብቀው ቀዩ ሥራ የበዛበት ነው። ከዚያ አንስተን ከመጋዘኑ ጀርባ ጥላ ሥር አዛወርነው፣ አጥሩንም በሰሌን ጋረድንለት። አጭሩን ሰንሰለት ጥለን ከግንድ እስከ ግንድ ሽቦ ወጠርን፤ ሰንሰለቱ በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ውሻው ወዲያና ወዲህ እንዲል። ብቸኛዋን ከሌላ ውሻ ጎን አሰርናት። ጎህ ሲቀድ ሁሉንም ወደ ደቻቱ ወንዝ ይዘን እንወርዳለን። ዝናብ ከሌለ ወንዙ ንጹሕ አሸዋ ነው፤ እዚያ እየሮጡ፣ እያሸተቱ፣ እየቆፈሩ ልባቸው እስኪጠግብ ይቆያሉ። ሰው በሚተኛበት ሰዓት ደግሞ መቅኒ ያለው አጥንት እንሰጣቸዋለን። አጥንት የያዘ አፍ አይጮህም።

የባቡር ፉጨት ሲሰማ የሚያብድ አንድ ውሻ ነበረን። እሱን ሐዲዱ በሩቅ ወደሚታይበት ሜዳ እየወሰድን፣ ፉጨቱ በስሱ ሲሰማ ሥጋ እናጎርሰዋለን። ካልደነገጠ በሌላ ቀን ትንሽ እንቀርባለን፤ ከደነገጠ እንርቃለን። በመጨረሻ ባቡር ሲያፏጭ ጭራውን እየቆላ ወደ እጃችን ይመለከት ጀመር። አው ሮብሌ አንድን ፍርሃት ያለ ዱላ ወደ ምግብ ጥሪ ሲቀይረው ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ከሁሉም የደነቀኝ ግን ዝም የማሰኛው ቃል ነው። አው ሮብሌ ውሻ ላይ ጮኾ አያውቅም። «አንተም ከጮህክ፣ ጓደኛ አገኘሁ ብሎ ይብስበታል» ይላል። ይልቅ ይጠብቃል። ውሻው ትንፋሹን ለመሳብ ዝም ባለባት ቅጽበት በለሆሳስ «ኣሙስ» ይልና ሥጋ ይሰጠዋል። እንደገና ይጠብቃል፣ እንደገና «ኣሙስ»። እኔ ለብዙ ቀን «ሐሙስ» የሚል መስሎኝ ነበር። ቆይቼ «ሐሙስ ዕለት ምን አለ?» ብዬ ስጠይቀው እስኪያስነባው ሳቀ። በሶማሊኛ «ዝም በል» ማለት ነው። እኔም እስከ ዛሬ ውሻን የማናግረው በዚያ ቃል ነው።

አንድ ጊዜ ዘመድ ልጠይቅ ነው ብሎ ወደ ጀልዴሳ ይዞኝ ሄደ። ከብት ጠባቂዎቹ ዘንድ ስንደርስ ውሾቹ ጥላ ሥር ተኝተዋል። እኛን አይተው ጆሯቸውን ብቻ አነሱ። የጎረቤት ግመል መጣ፣ ሴቶች ውሃ ቀድተው አለፉ፤ ዝም። ወደ አመሻሹ ግን አንዷ ተነስታ ወደ ቁጥቋጦው አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች። እረኞቹ ነገሬ አይሏትም ብዬ ስጠብቅ፣ ሁሉም ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። ጅብ ነበር። «አየህ? እሷን ስለሚያምኗት መድገም አላስፈለጋትም» አለኝ አው ሮብሌ። የከተማ ውሻ ሺህ ጊዜ የሚጮኸው ማንም ስለማያምነው እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

የመጋዘኑ ውሾች ጸጥ ማለታቸው ሲወራ ሰው ይጠራን ጀመር። ሙሴ ያኒ አልከለከለንም። የሰው ቤት ስንገባ ግን ሁሉም ነገር እንደ መጋዘኑ አልሆነልንም።

ከበደ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ነብሮ የሚባል ወፍራም፣ ደስተኛ ውሻ አለው። ሚስቱ ገና ወልዳ ተኝታለች፣ ሕፃኑ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ነብሮ ደግሞ ቀትር ላይ ያለ ዕረፍት ይጮኻል። ውሻው በጮኸ ቁጥር ከበደ እየወጣ አጥንት ስለሚጥልለት፣ ጮኾ መብላትን ተምሯል። አው ሮብሌ «ሲጮህ ምንም አትስጠው፤ ዝም ሲል ስጠው» አለው። ነብሮ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሆነ። ከዚያ ባሰበት። ስንመለስ በመንገድ ላይ አው ሮብሌ «እንዲህ ያደርጋሉ፤ ለምዶ የነበረው በር ሲዘጋበት አንድ ሰሞን አጥብቆ ያንኳኳል፣ ከዚያ ይተወዋል» አለኝ። ይህን የነገረው ለእኔ ነው። ለከበደ አልነገረውም።

በማግሥቱ ሙቀቱ ድንጋይ የሚሰነጥቅ ነበር። ከበደ ልጁ እንዲተኛለት ብሎ የነብሮን አፍ በገመድ አሰረና እሱም ከጎኑ ጋደም አለ። ውሻ እንደ እኛ በቆዳው አያልበውም። አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አውጥቶ እያለከለከ ነው ሙቀቱን የሚያስወጣው። ጥሪ ደርሶን ስንሄድ ከበደ ሕፃኑን ታቅፎ ከውሻው ሬሳ አጠገብ ቆሟል።

«እስኪነቃ ድረስ ብቻ ነበር» አለን እንባው እየወረደ። «ልጁ እስኪነቃ ድረስ ብቻ። አሳድጌዋለሁ እኮ።»

አው ሮብሌ አንድም የቁጣ ቃል አልተናገረም። ተንበርክኮ ገመዱን ከነብሮ አፍ በቀስታ ፈታ፣ ዓይኑንም ከደነለት። ከአጥሩ ሥር ቀበርነው። ወደ መጋዘኑ ስንመለስ እንደ ልማዱ ድንጋዩ ላይ አልተቀመጠም፤ ቆሞ ዋለ። ወደ ማታ ነው የተናገረው። «ውሻውን አስተማርነው። ሰውየውን ረሳነው።»

ከዚያ በኋላ የትም ቤት ስንጠራ መጀመሪያ ከሰዎቹ ጋር መቀመጥ ልማዱ ሆነ። ማን ይተኛል፣ ማን ይታመማል፣ ማን ይበሳጫል ብሎ ሳይጠይቅ ወደ ውሻው አይሄድም ነበር። ያ ልማድ ባይኖር የሚቀጥለውን ታሪክ አልጽፈውም ነበር።

አንድ ቀን ሙላቱ የሚባል ባቡር ነጂ ዓይኑ ደም መስሎ መጋዘን መጣ። ቤቱ ከዚራ ሰፈር ነው። «እኔ ሌሊት በገደል አፋፍ መንገደኛ ጭኜ የምነዳ ሰው ነኝ» አለን። «ቀን ካልተኛሁ ሰው እፈጃለሁ። ሰሞኑን ቆሜ አንቀላፋሁ። የጎረቤቴ የደምሴ ውሻ አላስተኛ አለችኝ። መርዙን ገዝቻለሁ። ግን ሳያት ዓይኗ ደግ ነው፤ እጄ እምቢ አለኝ።»

«ባለቤቱስ ምን ይላል?» አለው አው ሮብሌ።

«ደምሴ? እሱማ ግደላት ብሎ ፈቅዶልኛል።»

አው ሮብሌና እኔ ተያየን። ውሻዬን ግደልልኝ የሚል ባለቤት፣ መግደል ያቃተው ጎረቤት፤ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞን አያውቅም። ሙላቱ እስከ ፍልሰታ ሊታገሠን ቃል ገባ።

የአቶ ደምሴ ቤት ቀይ አበባቸውን መንገድ ላይ ከሚያራግፉት ዛፎች ሥር ነበር። ሰውየው የምድር ባቡር ጸሐፊ ናቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ አስናቀች ወንበር ግቢ ውስጥ አወጡልን እንጂ ወደ ቤት አላስገቡንም። ውሻይቱ ሎሚ ትባላለች፤ ቢጫ፣ መካከለኛ፣ ጨዋ። አልታሰረችም። ጥላ አላት፣ ውሃ አላት፣ ጠግባለች። መንገደኛ ሲያልፍ ቀና ብላም አታይም። ባቡር ሲያፏጭ ትተኛለች። ብዙ ቀን ከቀትር በኋላ ተቀምጠን ስንጠብቃት የምናርመው ነገር አጣን።

ሲመጣባት ግን ድንገት ነው። ከተኛችበት ትነሳለች፣ አፍንጫዋን ታነሳለች፣ ወደ ጓዳው መስኮት ትሮጥና ትጮኻለች። ያን ድምፅ አላውቀውም ነበር። ቁጣ የለበትም፣ ልመና የለበትም። ሰውን በስሙ እንደሚጣራ ሰው ነው።

«ፊቷን ወዴት አዞረች?» አለኝ አው ሮብሌ በሹክሹክታ።

«ወደ ቤት።»

«አዎ። ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ነው የምትጮኸው። እንዲህ ያለ ጠባቂ አይቼ አላውቅም።»

ወዲያው ከውስጥ ጆንያ የወደቀ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ወይዘሮ አስናቀች ሮጠው ገቡና በሩን ከውስጥ ቆለፉ። ሎሚ ጩኸቷን አቋረጠች። በሩ ሥር ተኝታ አገጯን መሬት ላይ አደረገች።

ሴትዮዋ ቆይተው ሲወጡ ፊታቸው ገርጥቷል። አው ሮብሌ ስለ ውሻይቱ አልጠየቃቸውም። የነብሮን ታሪክ ነገራቸው። ገመዱን፣ ሕፃኑን፣ የከበደን እንባ ሁሉ ነገራቸው። «እኔ ሰዎቹን ባለመጠየቄ አንድ ነፍስ ጠፋ። አሁን እየጠየቅሁሽ ነው። የምትሰውሪውን ሰው ለማንም አልናገርም» አላቸው።

ወይዘሮ አስናቀች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ከዚያ በሩን ከፈቱልን።

ሰብለ የሚሏት አንዲት ልጃቸው ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ቆንጆ ልጅ ናት። ከንፈሯ ላይ አረፋ ደርቋል፤ እንደደከመው ሰው ትተነፍሳለች። «የሚጥል በሽታ ነው» አሉን። «ትምህርት ቤት ሰው መሀል ከወደቀች ወዲህ ከግቢ አልወጣችም። ጠበል ወስደናታል። አባቷ ግን እያስደነገጠች የምትጥላት ይህች ውሻ ናት ይላል። እውነቱን ነው እኮ! ሁልጊዜ መጀመሪያ ውሻዋ ትጮኻለች፤ ከዚያ ልጄ ትወድቃለች።»

አው ሮብሌ ቆቡን አወለቀ። ያን ሰው ቆቡን ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም። «ሱብሃነላህ» አለ፤ ከዚያ በጣም ዝግ ብሎ «ነገሩን ብትገለብጪውስ ወይዘሮ? ልጅሽ ልትወድቅ ስለሆነ ቢሆንስ የምትጮኸው?» አላቸው።

 ሎሚ ገብታ ከሰብለ እጅ አጠገብ ተኛች።

አቶ ደምሴ ማታ ሲመጡ ነገሩን አልተቀበሉም። «ታዲያ ውሻዋ ነቢይ ናት በለኛ!» ብለው ተቆጡ። አው ሮብሌ አልተከራከራቸውም። «ወደ መጋዘን እንውሰዳትና ልጅህ ያለ ውሻ ትቆይ። ካልወደቀች እውነቱ ያንተ ነው» አላቸው። ሰብለ ስንወጣ በመስኮቱ ታየን ነበር። ሎሚ በገመድ እየተከተለችን ሦስት አራት ጊዜ ወደ ኋላ ዞራ አየቻት።

መጋዘን ውስጥ ሎሚ አንድም ቀን አልጮኸችም። ፊቷን ወደ ከዚራ አድርጋ ተኝታ፣ የሰጠናትን ቀመስ እያደረገች ትተወዋለች። ሙላቱም እንቅልፉን ጠገበ። እኔ በልቤ አቶ ደምሴ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም ማለት ጀምሬ ነበር።

ከዚያ አቶ ደምሴ ራሳቸው መጡ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ሰው በጥቂት ቀን እንዲህ ሊያረጅ ይችላል ብዬ አላስብም ነበር። «ወደቀች» አሉ። «ከዚያ በፊትም ወድቃ ነበር፤ ዝም ብዬ ነው። ዛሬ ግን ከሰል ምድጃው ላይ ወደቀች። ክንዷ ተቃጠለ። እናቷ ጓሮ ነበረች። ማንም አልጠራትም።» ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ውሻዬን ስጡኝ።»

ሎሚ ገና ገመዷ ሳይፈታ ቆማ ነበር።

ቀሪው ሥራ የእኛ ሆነ። ሰብለ ውሻይቱ ያስፈልጋታል፣ ሙላቱ እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም እውነት ነው። «አፏን አንዘጋውም» አለ አው ሮብሌ። «ሌላ አፍ እንሰጣታለን።» ያሰበው ሎሚ ከመጮህ ይልቅ የሰብለን እጅ በአፍንጫዋ እንድትገፋ፣ ከዚያም ጓዳው ግድግዳ ላይ በገመድ የተንጠለጠለች ትንሽ ቃጭል እንድትስብ ማስተማር ነበር። እናቲቱ ቃጭሉን ሰምተው ይመጣሉ፤ ጎረቤት ግን አይሰማውም።

አስተማሪዋ ራሷ ሰብለ እንድትሆን የወሰነውም እሱ ነው። ከትምህርት ቤት ከወጣች በኋላ ማንም ምንም አድርጊ ብሏት አያውቅም ነበር። መጀመሪያ ሥጋውን እኛ እየቆረጥንላት ነበር የምትሰጣት። የቃጭሉን ገመድ ስብ ቀብተን ሎሚ ነክሳ ስትጎትተው «ጎበዝ!» ትላታለች፣ ታጎርሳታለች። ሎሚ ስትጮህ ሰብለ ፊቷን ታዞርባታለች። ውሻይቱ ትንፋሽ ስትስብ ሰብለ «ኣሙስ» ብላ እጇን ወደ አፍንጫዋ ታቀርብላታለች። ሰብለ ከእኔ ይልቅ ትዕግሥት ነበራት። ቤት ተቀምጦ መጠበቅን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ያን ቀን አልረሳውም። ሰብለ ጥልፍ እየጠለፈች ስለ አንድ ነገር እየሳቀች ታወራናለች። እኔ ፊት ለፊቷ ነኝ፤ ዓይኔን ከፊቷ ላይ አላነሳሁም። ምንም አልተለወጠም። ሎሚ ከእንቅልፏ ተነሳች። መጥታ የሰብለን እጅ አሸተተች። ለመጮህ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ መልሳ ዘጋችውና እጇን በአፍንጫዋ ገፋች። አንዴ፣ ሁለቴ። ሄዳ ቃጭሉን ሳበች። ሰብለ «እኔ ደኅና ነኝ እኮ» አለችን፤ ቢሆንም መርፌውን አስቀምጣ ምንጣፉ ላይ ተጋደመች። እናቷ መጥተው ትራስ ከራሷ ሥር አደረጉላት። ከዚያ በኋላ ነው የመጣባት። ዓይኔ እያየ በዚያች ትንሽ ቢጫ አፍንጫ ውስጥ እኔ የማልገባበት ዓለም እንዳለ ተረዳሁ። አው ሮብሌ ዕድሜውን ሙሉ ከውሻ ጋር የኖረ ሰው ነው፤ እሱም ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ዱዓ ያደርግ ነበር።

በኋላ ሆስፒታል ሲወስዷት ሐኪሙ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጣት። ስለ ሎሚ ሲነግሩት «እንዴት እንደምታውቅ ልነግራችሁ አልችልም፣ እኔም አላውቅም። ከልጅቷ ግን እንዳትለዩአት» አላቸው። መውደቋ እየራቀ ሄደ። ሙላቱም መርዙን ደቻቱ አሸዋ ውስጥ ጥልቅ አድርጎ ቀብሮ እንደመጣ ነገረን። ሰብለ ከሎሚ ጋር መንገድ መውጣት ጀመረች፤ ኋላም ታይፕ ተምራ ቢሮ ገባች።

ዓመታት አለፉ። አው ሮብሌ ትንሽ ታሞ፣ ዋሂል በምትባል መንደር ልጁ ቤት አረፈ። ቀብሩ ላይ ቆሜ ከዚህ ሰው የተማርኩትን ለማንም ማስረዳት እንደማልችል ተሰማኝ። መጋዘኑን ለብቻዬ ይዤ ቀጠልኩ።

ከዚያ ሰብለ አገባች። ሙሽራው ቢሮዋ ያገኘችው ጸጥተኛ ወጣት ነው፤ ሕመሟን ራሷ ነግራዋለች። ለእናቱ ግን ገና አልነገሩም ነበር። ሎሚ አርጅታ አፏ ዙሪያ ነጥቷል። በሠርጉ ቀን ሰው እንዳይረግጣት ከዳሱ ጀርባ ይዣት እንድቆይ ለመኑኝ። ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል፤ እሷ እግሬ ሥር ታንቀላፋለች።

ወደ ማታ ከመሄዳቸው በፊት ሙሽሮቹ እኔንና ከእናቷ ቤት ልትቀር የነበረችውን ሎሚን ሊሰናበቱ ወደ ጓሮ መጡ። ሰብለ ቬሏን ሰብስባ ጎንበስ አለችና እጇን ለሎሚ ሰጠቻት። ሎሚ አሸተተችው። ከዚያ በዚያ ደካማ ጉልበቷ ተነስታ የሰብለን እጅ ገፋችው። ደግማ ገፋችው።

«አይ፣ ደስ ብሏት ነው። ከወደቅሁ እኮ ቆየሁ» አለች ሰብለ። ግን የሎሚን ዓይን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። ነጭ ቀሚሷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሙሽራው ኮቱን አውልቆ አጥፎ ከራሷ ሥር አደረገላት። መጣባት። እሱ እጇን ይዞ በጉልበቱ ተንበርክኳል።

የሙሽራው እናት ልጆቹ የት ቀሩ ብለው የመጡት ያኔ ነበር። አዩ። ቆሙ። ከዳሱ ውስጥ ሌሎች ሴቶች እየዘፈኑ ወደ እኛ ሲመጡ ይሰማል።

«እማዬ» አለ ልጃቸው ቀና ሳይል፣ «ሕመም ነው። አሁን ትነሳለች። አውቄ ነው ያገባኋት።»

ሴትዮዋ አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ መሬት ላይ ያለችውን ሙሽራ አዩ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውን ዞሩ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ዘረጉትና በጓሮው መግቢያ ላይ እንደ መጋረጃ ገትረው ቆሙ። «ሙሽሮቹን ትንሽ ታገሷቸው! እየተሰናበቱ ነው!» ብለው እልል አሉ። ሴቶቹም እልል ብለው ተመለሱ። ከበሮው አልተቋረጠም።

ሰብለ ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው አማቷን ነው። ልታለቅስ ስትል ሴትዮዋ አቧራውን ከቬሏ ላይ አራገፉላት፣ ፊቷን በነጠላቸው ጠርዝ ጠረጉላት። ከዚያ ወደ ሎሚ ዞረው «ይህች የማን ናት?» አሉ።

«የእኔ ናት» አለች ሰብለ።

«ታዲያ ለምን ትቀራለች? አብራን ትሂድ እንጂ።»

በአበባ ያጌጠው መኪና በር ሲከፈት ሎሚን አቅፌ አስገባኋት። በሙሽራይቱ ቀሚስ ላይ አገጯን አደረገች። መኪናው ሲነሳ በዚያ ባረጀ ድምፅዋ አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ከዚራ ሁሉ ሰማት። ዝም በይ ያላት ሰው አልነበረም።